የእትዬ የሺመቤት ግንባር

እትዬ የሺመቤት መሞታቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። የደወለችው የልጅ ልጃቸው ነበረች። ሰላምታዋን በቅጡ ሳትጨርስ "አያቴ ትናንት አረፈች፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው" አለችኝና ለሚቀጥለው ሰው ለመደወል ዘጋችው። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር እንባዬ ቀድሞ ወርዶ ነው የጠበቀኝ። እትዬ ይህን ቢሰሙ በጣም ይቆጡ ነበር። በእርሳቸው ዘመን መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው ይመረጣል፣ በማለዳ ይነሣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ከዚያ በኋላ ነው በር የሚንኳኳው። በዚህ ሥራ ደግሞ ከጎጃም በረንዳ እስከ አማኑኤል ከእርሳቸው የሚስተካከል አልነበረም። ሥራውን ወደውት አይደለም፤ ግንባራቸው ነው ያስመረጣቸው።

ስለ ግንባራቸው ካላወራሁ ስለ እርሳቸው ማውራት አልችልምና እሱን ላስቀድም።

ከሁለቱ ቅንድቦቻቸው መካከል ሁለት ጥልቅ መስመሮች ወደ ላይ ይወጣሉ። ከእነሱ በላይ ሦስት አግድም መስመሮች ከጆሮ ግንዳቸው እስከ ጆሮ ግንዳቸው ተዘርግተዋል። ቅንድቦቻቸው ጫፍ ጫፋቸው ላይ ወደ ታች የወረዱ ናቸው። እንዲህ ያለ ፊት የሚታየው ለቅሶ ቤት ነው፤ እትዬ ግን ቁርስ ሲበሉም፣ ሰው ሲያሙም፣ ሲተኙም ይኸው ነበር ፊታቸው። ሲስቁ የሚስቀው ከአፍንጫቸው በታች ያለው ብቻ ነው። የላይኛው ሐዘኑን አያቋርጥም። ክርስትና ሲነሡ ቄሱ "ይህች ልጅ ምን ሆነች?" ብለው መጠየቃቸውን ራሳቸው ነግረውኛል።

"ግንባሬ ሌላ፣ እኔ ሌላ" ይሉ ነበር፣ አዲስ ሰው ባወቁ ቁጥር።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው። እኔ ያኔ አዲስ ያገባሁ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ጎጃም በረንዳ ካለው የማር መደብራቸው ደጃፍ ላይ በእግር የምትነዳ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ እውላለሁ። ስለዚህ ፊታቸውን ከባሌ ፊት የበለጠ ነው የማውቀው። ማር በቆርቆሮ ተሞልቶ ከጎጃም ሲመጣ ትንሿን ጣታቸውን ነከር አድርገው ይቀምሱና ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ዝም ይላሉ። "ይሄ ጥሩ ነው" ወይም "ይሄንን ስኳር ጎብኝቶታል" ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም። ስኳር ቀላቅሎ ያመጣ ነጋዴም አይከራከርም፤ እንዲያ ባለ ፊት ፊት ቆሞ መዋሸት ከባድ ነው።

እንግዲህ ማር በብዛት የሚገዛው ማን ነው? ሠርግ ያለበት ነው። የሙሽሪት አባት ለጠጅ የሚሆን ማር ሊገዛ እየሣቀ፣ ጓደኞቹን አስከትሎ ይገባል። እትዬ ቀና ይላሉ። ሰውየው ባርኔጣውን ያወልቅና "እግዜር ያጽናዎት" ይላል። እትዬም "አሜን" ይላሉ። ከዚያ ሰውየው በሹክሹክታ ያዝዛል፣ የተባለውን ከፍሎ በእግሩ ጣት እየረገጠ ይወጣል።

"እትዬ፣ ሐዘን የለብኝም ብለው ለምን አይነግሯቸውም?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ዋጋ ሳይከራከር የገዛን ሰው ምን ብዬ ልመልሰው?" አሉኝ።

የዕድር ሽማግሌዎችም ይህን ፊት ሳይጠቀሙበት አልቀሩም። ከሩቅ አገር የሞት ወሬ በመጣ ጊዜ፣ መርዶ ሊነግሩ ሲሄዱ፣ እትዬ የሺመቤትን ከፊት ያስቀድሟቸዋል። በሩ ሲከፈት እርሳቸው ይታያሉ፤ ማንም አንድ ቃል ሳይናገር ባለቤቱ ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ ከዚያች ከባድ ዓረፍተ ነገር ይገላገላሉ። ሐቁን ለመናገር ሽማግሌዎቹ አልቅሰው አስለቅሰው ወደ ሱቃቸው ሲመለሱ፣ እትዬ እስከ ሰልስት እዚያው ይከርማሉ። ዕቃ ያጥባሉ፣ ሐዘንተኛዋን ይዘው ያስተኛሉ። ሰው ግን ይህን አያስታውስም። የሚያስታውሰው ያን ማለዳ በሩ ላይ ያየውን ፊት ነው።

ያ ፊት በራሱ ፈቃድ ሥራ የሠራበት ቀንም አለ። ጭድ ተራ የሚነግድ አንድ ደንበኛቸው ሚስቱ ወለደች። እትዬ መደብር ከመክፈታቸው በፊት ጠይቀዋት ሊመለሱ ማር በቅል ይዘው ማልደው ሄዱ። ሰውየው ወደ አሰብ የጭነት መኪና የሚነዳ ወንድም ነበረው። ጋቢውን እንደለበሰ በሩን ቢከፍት እትዬ የሺመቤት ቆመዋል። "ወንድሜን!" ብሎ መሬት ላይ ወደቀ።

"የለም፣ የለም፣ አራስ ልጠይቅ ነው" አሉ እትዬ። ማን ይስማቸው? ጎረቤት ተንጫጫ። እርሳቸው ከጫጫታው በላይ "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" እያሉ ይጮኻሉ፤ ሰው ደግሞ በሐዘን ብዛት የሚናገሩትን አጡ ብሎ ይብስ አለቀሰ። ነገሩ ሳይጣራ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ወጥቶ የሾፌሩን ስም እየጠራ ሰፈሩን ዞረ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሾፌሩ ራሱ ከአሰብ ደረሰ። ከወንድሙ ቤት ለቅሶ ሲሰማ መኪናውን መሃል መንገድ አቁሞ፣ ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቅ፣ እያለቀሰ ሮጦ ገባ። ጡሩምባውን ሰምቼ እኔም መጥቼ ነበር፤ የራሱን ለቅሶ የደረሰ ሰው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መርካቶ አንድ ወር ሙሉ ሣቀ። እትዬም በታችኛው ፊታቸው አብረው ሣቁ። ግን ወሬው አማኑኤል ጀርባ ወይዘሮ በላይነሽ ቤት ሲደርስ ሣቅ መሆኑ ቀረ።

ወይዘሮ በላይነሽ የእትዬ የአንድ ልጃቸው የአበባ አማት ናቸው። አበባ ያኔ የመጀመሪያ ልጇን እርጉዝ ነበረች። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ እትዬም አልጋውን አንጥፈው፣ የገንፎውን ቅቤ አንጥረው፣ ቀን እየቆጠሩ ነበር። ወይዘሮ በላይነሽ ግን አይሆንም አሉ። አበባ እዚሁ እኔ ዘንድ ትውለድ፣ እናቷም ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ በዚህ በር እንዳይገቡ ብለው ቆረጡ።

እኔና ሁለት ሴቶች ለልመና ሄድን። ወይዘሮ በላይነሽ ክፉ ሴት አልነበሩም። በክብር አስቀመጡን፣ ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነገሩን።

"የሺመቤት ደግ ሰው ናቸው፤ እኔ አልካድኩም። ልጄ ደሴ ከተማ በወሊድ ስትሞት በዚህ በር መርዶ ይዘው የመጡት እርሳቸው ናቸው። ሦስት ቀን ያስተኙኝም እርሳቸው ናቸው። ግን ያን ጠዋት በሩን ስከፍት ያየሁት ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ይቺ ልጅ ስታምጥ ያ ፊት ከገባ ቀድሜ የምሞተው እኔ ነኝ። ክርስትናው ይለፍና ይምጡ።"

ተነሥተን ወጣን። አበባም አማቷን አስቀይማ መምጣት አልደፈረችም። ለእትዬ የተባለውን አለሳልሼ ነገርኳቸው፤ እርሳቸው ግን የለሰለሰውን ገልጠው እውነቱን አገኙት። ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠው አውራ ጣታቸውን ቅንድቦቻቸው መካከል አድርገው አሹት። ሲጨንቃቸው እንዲህ ያደርጉ ነበር።

"ጽጌ" አሉኝ፣ "ይሄ ነገር ይነሣ ይሆን?"

"ምኑ?"

"ግንባሩ።"

የቀለድኩባቸው መስሏቸው እንዳይቆጡ ሣቄን ዋጥኩት። እርሳቸው ግን ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም። ለምጡ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ በሁለት ወር ውስጥ ፊት ሊሠራ ነው።

መጀመሪያ የሄዱት አማኑኤል አካባቢ ወዳለች ሹሩባ ሠሪ ነው። "እስከምትችዪው ድረስ ወደ ኋላ ሳቢው" አሏት። ልጅቷ ጉልበቷን ትከሻቸው ላይ አድርጋ ጎነጎነቻቸው። በማግስቱ መደብር ሲገቡ የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። ግንባሩ ተወጥሯል፣ መስመሮቹ ግማሽ ጠፍተዋል፣ ቅንድቦቹ ሽቅብ ወጥተዋል። ሐዘኑ በእርግጥ ለቋል፤ የተካው ግን ድንጋጤ ነው። ገዢ ዋጋ በጠራ ቁጥር እትዬ በጣም የተደነቁ ይመስላሉ፤ ገዢውም የሰደበ መስሎት ሳይጠየቅ ይጨምራል። ዓይናቸውን መጨፈን አልቻሉም። ሲያስነጥሱማ "ወየው" ብለው ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሦስት ቀን ታገሡ። በአራተኛው ቀን ሹሩባው ሲላላ ግንባሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ቀጥሎ አንድ የሱቅ ሰው ማታ ማታ ግንባር ላይ ፕላስተር ለጥፎ መተኛት ያቃናዋል አላቸው። አንድ ቀን ሳያነሡት ረስተው መጡና ሰው ሁሉ "ማን መታብን?" እያለ ሲጠይቃቸው ዋለ። ወጌሻም በቅቤ አሽቷቸዋል። ቅቤው ጥሩ ነበር፤ ሌላ የምለው የለኝም።

በመጨረሻ፣ የተቃጠለ ፊትና የተሰነጠቀ ከንፈር የሚጠግን ፈረንጅ ሐኪም እንዳለ ከአንድ ደንበኛ ሰሙ። ልብሳቸውን ቀይረው መጡና መኪናዬን እንድሸፍን አዘዙኝ።

"እኔ ምን አደርጋለሁ?"

"አንቺ ስፌት ታውቂያለሽ። የሚለውን ስሚልኝ፤ ካበላሸው አንቺ ነሽ የምታውቂው።"

ሐኪሙ ረጅም፣ ትሑት ሰው ነበር። የሚተረጉምለት አንድ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥብ የሕክምና ረዳት፣ አለ። የእትዬን ግንባር በጣቱ ወደ ላይ ሳብ አድርጎ፣ ለቀቅ አድርጎ፣ አየው። ከዚያ ሦስት መንገድ አለ አለ። አንደኛው ጸጉር ውስጥ ከጆሮ እስከ ጆሮ ቀዶ፣ ቆዳውን ወደ ኋላ ስቦ፣ የተረፈውን ቆርጦ መስፋት ነው። ሥራው ብዙ ነው፤ ጠባሳውን ግን ጸጉር ይሸፍነዋል። ሁለተኛው ከቅንድብ በላይ ትንሽ ቆዳ ማንሣት ነው። ይሄኛው ቶሎ ያልቃል፤ ጠባሳው ግን ይታያል። ሦስተኛው ቅንድብን የሚያኮማትረውን ትንሽ ሥጋ ብቻ መቁረጥ ነው። የመሃሉን መስመር ያላላል እንጂ የወረደውን ቅንድብ አያነሣም።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ።

"የመጀመሪያው እንደ ጉርድ ቀሚስ ነው" አልኩ። "ከወገቡ አንሥቶ ትርፉን ቆርጦ ቀበቶው ስር መደበቅ ነው። ሁለተኛው ስፌቱ ደረት ላይ ይታያል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ነው።"

ድሬሰሩ ሲተረጉምለት ሐኪሙ ሣቀና አብሬው እንድሠራ ጠየቀኝ። እርሱም የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን አንድ ላይ ማድረግ ይሻላል አለ። ለአሥር ቀን ጭንቅላት ይታሰራል፣ ዓይን ያብጣል፣ ከዚያ ይጎድላል። እትዬ በጣታቸው ቆጠሩ። ከምጡ በፊት ይደርሳል።

"አንድ ነገር ጠይቅልኝ" አሉት ድሬሰሩን። "ከዚያ በኋላ ሳዝን ያስታውቅብኛል?"

ሐኪሙ አሰበና መለሰ። ያ ሥጋ ከተቆረጠ ቅንድብ አይኮማተርም፤ ከዓይን በላይ ብዙም የሚነበብ ነገር አይኖርም።

"ሰው ሲሞትበት ልሄድ፣ ግንባሬ እንደ ብርጭቆ ለስልሶ?" አሉ፤ ለማንም አልነበረም የተናገሩት። አውራ ጣታቸው ወደ ቅንድቦቻቸው መካከል ሄደ። ያን ሁሉ ዘመን ያላገጡበት ግንባር ያን ጊዜ ብቻ ያሳዘናቸው መሰለኝ። እኔንም አሳዘነኝ፤ ፊታቸውን እንደምወደው ያወቅሁት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ግን "ይቅርብዎ" ለማለት አፍ አልነበረኝም፤ አበባ ያለ እናቷ ልታምጥ ነው።

"ይቆረጥ" አሉ እትዬ።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት አብሬያቸው ነበርኩ። ነጭ ቀሚስ አለበሷቸው፤ ድሬሰሩ ጸጉራቸውን እየከፈለ በክር አሰረው፤ ሐኪሙ በክሮቹ መካከል በሐምራዊ ቀለም መስመር ሠራ። እኔ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እንደማደርገው ነው። እጁ ጥሩ ነበር፤ መስመሩ አልተንቀጠቀጠም። ያን ሳይ ትንሽ ተረጋጋሁ።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና የአበባ ባል ገባ። ሮጦ ነው የመጣው፤ መደብር ሄዶ ነው ያሉበትን የነገሩት። ምጡ ያለ ጊዜው መጥቷል፤ ከትናንት ጀምሮ ነው፤ ልጁ አልወጣም ብሏል።

"ማን ላከህ?" አሉት እትዬ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ።

"እናቴ ናቸው። አሁኑኑ አምጣቸው አሉኝ። አበባ የእርስዎን ስም ነው የምትጠራው።"

እትዬ ከነነጭ ቀሚሱ ተነሡ። ሻሻቸውን በክሩና በቀለሙ ላይ ጠምጥመው፣ ነጠላቸውን በላዩ ጣል አድርገው ወጡ። ድሬሰሩ "ቀሚሱ!" እያለ እስከ በር ተከተለን። ሐኪሙ ግን እጁን አውለበለበና ተወን። ታክሲ ያዝን። አማኑኤል ጀርባ ደርሰን በሩ ሲከፈት የቆሙት ወይዘሮ በላይነሽ ራሳቸው ነበሩ።

ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ቆሙ። እትዬ ነጠላቸውን ወደ ታች ስበው ግንባራቸውን ሊሸፍኑ ሞከሩ። ወይዘሮ በላይነሽ እጃቸውን ይዘው ጎትተው አስገቧቸው።

እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የእትዬን ድምፅ ብቻ ነው። ማር ሲለኩ እንደሚናገሩት፣ ሳይጮኹ፣ ሳይቸኩሉ፣ "በይ፣ አሁን" ይላሉ። ብዙ ጊዜ "በይ፣ አሁን" አሉ። ከዚያ ሕፃን ጮኸ። ሴቶቹ ዕልል ሲሉ እኔ መጋረጃውን ይዤ አለቀስኩ።

በሰባተኛው ቀን አራስ ልጠይቅ ሄድኩ። ወይዘሮ በላይነሽ ገንፎ ያቀርባሉ፤ እትዬ ሕፃኑን ታቅፈው ጥግ ተቀምጠዋል። ሻሻቸው ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ የሐምራዊው መስመር ጫፍ ይታያል፤ በሳሙና አልለቅም ብሏቸው ነበር። አበባ ትራስ ተደግፋ፣ ሰው ያልጠየቃትን ወሬ ማውራት ጀመረች።

"ጽጌ፣ ምን እንዳስፈራኝ ልንገርሽ? ምጡ አይደለም። አማቴ ፊቱ ያልበራ ሰው እንዳይገባ ብለው አዘው ነበር። ስለዚህ ሁሉም ይስቁልኛል። አዋላጇ እጇ እየተንቀጠቀጠ ትስቃለች። ጎረቤቶቹ ላብ በላብ ሆነው ይስቃሉ። እሳቸው ራሳቸው እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ። ሌሊቱን ሙሉ ጥርስ ብቻ ነው የማየው። እንዲህ የሚስቁልኝ ልሞት ስለሆነ ነው አልኩ። ከዚያ እማዬ ገባች። አየኋት፤ ግንባሯ እንደ ሁልጊዜው ነው። ትምህርት ቤት ስትሸኘኝ እንደነበረው ነው። ታዲያ ምንም አልሆንኩም ማለት ነው ብዬ ገፋሁ።"

ወይዘሮ በላይነሽ የገንፎውን ሳህን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ። ሳህኑን አስቀመጡና ወደ እትዬ ዞሩ።

"የሺመቤት፣ ልጁን የሚያጥቡልኝ እርስዎ ነዎት። ጠዋት ጠዋት ማልደው ይምጡ" አሉ።

እትዬ ሕፃኑን እያዩ ነበር፤ እሱም ገና የማያይ ዓይኑን ወደ ግንባራቸው አንጋጦ ነበር። ቀና ሳይሉ ጠሩኝ።

"ጽጌ፣ ነገ ነጩን ቀሚስ ለሐኪሙ መልሺልኝ። አመስግኚልኝ። ግንባሯ ይፈለጋል ብለሽ ንገሪው።"